ለጥብቅ ደኑ አስተዳደር ኃላፊ፤ «የንግድ ቀረጻ» ተብሎ ስለተያዘ ሸራ

ክቡር ሆይ፣

ጉዳዩን አስቀድሜ በጽሑፍ ለመሥሪያ ቤትዎ አመልክቻለሁ። ማመልከቻዬ መዝገብ ቤት ቁጥር ከተሰጠው በኋላ ወደ ሕግ ክፍል፣ ከሕግ ክፍል ወደ ጥበቃ ክፍል፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ መዝገብ ቤት ተመርቷል። ከእኔ ይልቅ እሱ ብዙ ተንቀሳቅሷል፤ የመዘዋወሪያ ፈቃድም አልተጠየቀም። መልስ ስላልተሰጠኝ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ነኝ፤ ከደኑ ዳር ያለውን የወንዝ መታጠፊያ ለዓመታት ስሥል ኖሬያለሁ። በዚያ ጠዋት ለዕለቱ የተሰጠኝን የመግቢያ ፈቃድ ይዤ በሥራ ላይ ሳለሁ ሁለት የጥበቃ ሠራተኞች መጥተው፣ ሸራዬ የቆመበት ባለ ሦስት እግር መደገፊያ «የንግድ ቀረጻ መሣሪያ» ስለሆነ ልዩ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ነገሩኝ። መመሪያውን እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል፤ ስለ ፊልምና ስለ ማስታወቂያ ቀረጻ ይደነግጋል እንጂ ስለ ብሩሽ አንዲት ቃል የለውም። እኔ ይህን ሳስረዳ እነርሱ ሸራውን በኤግዚቢትነት ያዙ፤ ቀለሙ እንዳልደረቀ እየለመንኳቸውም በፊቱ ደፍተው መኪና ላይ ጫኑት። የዘይት ቀለም እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ የሚጠነክር በመሆኑ ቀናትን፣ ወፈር ተደርጎ ሲቀባም ሳምንታትን ይፈልጋል። ስለዚህ በመጋዘናችሁ ያለው ሸራ ዛሬ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልገኝም።

ቅሬታዬን በቃል ያቀረብኩላቸው ባልደረባዎ «ታዲያ ለምን ፎቶ አንሥተው ቤትዎ አይሥሉም?» ሲሉ መከሩኝ። በቅንነት እንደተናገሩት አልጠራጠርም። ነገር ግን ካሜራ በንጋት ብርሃን ሰማዩን ሲያስተካክል ጥላውን ያጠቁራል፣ ጥላውን ሲያወጣ ደግሞ ሰማዩን ያነጣዋል። ዓይን ግን ሁለቱንም በአንድነት ያያል፤ ጥቁር የሚመስለው የዛፍ ጥላም ከሰማዩ በሚወርድለት ብርሃን ሰማያዊና ሐምራዊ እንደሆነ የሚገለጠው ሥፍራው ላይ ቆሞ ለሚመለከት ነው። ያም ብርሃን ብዙ አይቆይም፤ ሠዓሊው ብሩሹን አስቀምጦ በሌላ ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ ለዚያው ብርሃን መመለስ አለበት። እንግሊዛዊው ጆን ኮንስታብል እ.ኤ.አ. በ1821 እና በ1822 በሃምፕስቴድ ደመናን ብቻ ደጋግሞ ሲሥል፣ በየሥዕሉ ጀርባ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነፋሱን ሁኔታ ይመዘግብ ነበር። የእናንተ ፈቃድ ለአንድ ቀን ብቻ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ኮንስታብል ዛሬ በደጃችሁ ቢመጣ ለእያንዳንዱ ደመና ሰልፍ ይይዝ ነበር።

እኔም በንድፎቼ ጀርባ ቀንና ሰዓት እጽፋለሁ። ይህ ልማድ ለመሥሪያ ቤትዎ የማይመች ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ንድፎቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ ከመታጠፊያው በላይ የነበሩት ትልልቅ ዛፎች በየትኛው ወቅት እንደተመናመኑ ያሳያሉ። ሸራዬ በተያዘበት በዚያው ጠዋት ግንድ የጫነ የጭነት መኪና በአጠገባችን ሲያልፍ ጠባቂዎቹ እጃቸውን አንሥተው ሰላምታ ሰጡት። ሹፌሩን ፈቃድ የጠየቀው አልነበረም። በበኩሌ የደኑን ዛፍ መሳል ከመጫን ይልቅ ልዩ ፈቃድ የሚጠይቅበትን ምክንያት በየትኛው አንቀጽ እንደምፈልገው አላወቅሁም።

ሠዓሊን ከደን ማባረር ለደን ጥበቃ ይጠቅማል የሚል እምነት ካለ፣ የጥበቃው ታሪክ ራሱ አይደግፈውም። በፈረንሳይ የፎንቴንብሎ ደን ዛፎች ሲቆረጡ፣ በአጠገቡ ባለችው በባርቢዞን መንደር ይሠሩ ከነበሩት ሠዓሊያን አንዱ የሆነው ቴዎዶር ሩሶ ለመንግሥት አቤት ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1861 በወጣ የንጉሠ ነገሥቱ አዋጅም ከ1,000 ሄክታር በላይ የሚሆነው የደኑ ክፍል ለሥነ ጥበብ ሲባል ከቆረጣ ተጠበቀ። ይህ የሆነው በአሜሪካ የሚገኘውና የዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው የሎውስቶን ከመከለሉ 11 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። የሠዓሊያን አቤቱታ ከመዝገብ ቤት አልፎ ሰሚ ያገኘበት ዘመን ስለነበረ እቀናለሁ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሸራዬ ባለበት ሁኔታ ይመለስልኝ፤ ሲያዝ የነበረበት ሁኔታና አሁን ያለበት ሁኔታም በጽሑፍ ይረጋገጥልኝ። የሸራ መደገፊያ የቀረጻ መሣሪያ ነው የሚለውን ትርጉም የሰጠው ክፍል ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ሥልጣን እንደሰጠውም ይገለጽልኝ። ፈቃዱም ለአንድ ወቅት እንዲሆንና ንጋትን እንዲጨምር ይሻሻል። ሸራው የተያዘበት፣ ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝ በእጄ ይገኛል፤ በደረሰኙ ላይ የተያዘው ንብረት «አንድ የቆሸሸ ጨርቅ» ተብሎ ተመዝግቧል።

ከሰላምታ ጋር፣
የጨርቁ ባለቤት