ፊልሙ ግማሽ ላይ ቆሟል፤ እንድንጨርሰው እጃችሁን ዘርጉልን

ውድ የሠፈራችን ሰዎች፣

የቻይናዊውን የሁ ጂዬን ዘጋቢ ፊልሞች በአማርኛ ተርጉመን በአዳራሻችን እንደምናሳይ ታውቃላችሁ። የሐምሌው ዝናብ የአዳራሻችንን ቆርቆሮ እንደገነጠለው ሰምታችኋል። ፕሮጀክተሩ ውሃ ገብቶበት አለቀለት። ኮምፒውተሩም አልተረፈም፤ የሁለተኛው ፊልም የአማርኛ ሰብታይትል (ከምስሉ ሥር የሚነበበው ትርጉም) አብሮ ጠፋ። ደክሞናል። ቢሆንም አንተወውም።

«የቻይና ፊልም ምን ያደርግልናል?» የሚሉን አሉ። ፊልሞቹን የሠራው ሁ ጂዬ የቻይና መንግሥት ዜና አገልግሎት ጋዜጠኛ ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. እንጀራውን ትቶ፣ ካሜራ ይዞ የሊን ዣኦን ታሪክ ፍለጋ ወጣ። ልጅቷ የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። እስር ቤት ሆና በደሟ ጻፈች። በ1968 እ.ኤ.አ. ሻንጋይ ውስጥ ረሸኗት። ከዚያ እናቷ ቤት ሄደው የጥይቱን ዋጋ 5 ፌን (የቻይና ሳንቲም) ጠየቁ።

አምና የሊን ዣኦን ፊልም ስናሳይ፣ እዚህ ቦታ ላይ ስንደርስ አንዲት እናታችን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። በቀይ ሽብር ጊዜ የልጃቸውን ሬሳ ለመውሰድ የጥይት የከፈሉ ናቸው። ለእሳቸው ማስረዳት የሚያስፈልግ ነገር አልነበረም። ያን ምሽት ከዚያ በፊት ትንፍሽ ብለው የማያውቁትን ነገሩን።

የተቋረጠው ፊልም ስለ ቢያን ዦንግዩን ነው። ቤጂንግ ውስጥ የሴቶች ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት ነበሩ። ነሐሴ 1966 እ.ኤ.አ. የገዛ ተማሪዎቻቸው ደብድበው ገደሏቸው። ባለቤታቸው ካሜራ ገዝተው አስከሬኑን ፎቶ አነሱ። በደም የተነከረውን ልብሳቸውን ሻንጣ ውስጥ አኖሩት። ፊልሙ ውስጥ ያን ሻንጣ ሲከፍቱ ይታያል። አገራቸው ውስጥ ሲኒማ ቤት የማይታይ ፊልም ነው።

ያለፈው መዋጮ የት ገባ ለምትሉ፣ ፕሮጀክተር ተገዛበት። ቻይና ተምራ ለመጣችው ተርጓሚያችን ተከፈለ፤ እሱም ከድካሟ አንጻር ትንሽ ነው። የጄኔሬተር ነዳጅም አለ። ወንበሩን እድሩ በነጻ ሰጠን። ኮሚቴው የሻይ እንኳ አልወሰደም። ደረሰኙ ሒሳብ ያዣችን ጋ አለ፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጥታችሁ እዩት።

ሙታንን ማሰብ በእምነታችንም በባህላችንም ያለ ነው። የቻላችሁትን አዋጡ። የአንድ ቀን የቡናም ቢሆን ያግዘናል። የሒሳብ ቁጥሩ አልተቀየረም፤ በአምናው ደረሰኝ ጀርባ ላይ አለ። በሦስት የኮሚቴ አባላት ስም የተከፈተው እሱ ብቻ ነው። በግል ስልክ ላኩ የሚላችሁ ካለ እኛ አይደለንም። ስትልኩ «ለፊልም» ብላችሁ ጻፉበት፤ አደራ፣ «ለፊልም»። ባለፈው ሳይጻፍበት የገባ ገንዘብ አለ፤ የማን እንደሆነ እስካሁን እየፈለግን ነው። የላካችሁ ደውሉልን።