ቀረጡን ቻይና ነው ምትከፍለው ያላችሁት ነገር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ስለ አሜሪካና ቻይና የንግድ ጦርነት ያወጣችሁትን ፅሁፍ እዚህ ጎንደር ከፒያሳ ወደ አዘዞ ስሄድ ባጃጅ ውስጥ ለጓደኛዬ ጮክ ብዬ እያነበብኩለት ነበር፣ "ታሪፍ 145 ፐርሰንት ደረሰ" ምትለው ጋ ስደርስ አጠገቤ የተቀመጡ እናት "ኧረ በማርያም፣ ከመቼ ጀምሮ?" ብለው ቦርሳቸውን ጭብጥ አረጉ። የባጃጁ መስሏቸው ነው። ሹፌሩ ልጅም ዝም አለ፣ ቢጨመርለት ማን ይጠላል። እኛ ሀገር ታሪፍ ማለት የትራንስፖርት ዋጋ ነው እኮ፣ ቀረጥ ብላችሁ ብትፅፉት ሁሉም ሰው ይገባው ነበር።

የፃፍኩላችሁ ግን ለሱ አይደለም። ፅሁፉ ላይ "ቀረጡን ቻይና ትከፍላለች" ሚል አለ። አትከፍልም። እኔ ሞባይል ጠጋኝ ነኝ፣ ስክሪንና ባትሪ ምረከበው ከአስመጪዎች ነው፣ ዕቃው ከቻይና ተጭኖ በጅቡቲ ገብቶ እኛ ጉምሩክ ሲደርስ ቀረጡን ሚከፍለው አስመጪው ነው፣ እሱ እኔ ላይ ይጨምራል፣ እኔ ደሞ ስክሪኗ የተሰበረባት ተማሪ ላይ። ቻይና ሼንዘን ከተማ ያለው ላኪ ሰውዬ ለኛ ጉምሩክ አምስት ሳንቲም ከፍሎ አያውቅም። አሜሪካም ያው ነው፣ ወደብ ላይ ሚከፍለው የራሷ አስመጪ ነው። ቻይናን አይጎዳትም እያልኩ አይደለም፣ ገዢው ሲወደድበት ወደ ቬትናም ወደ ሜክሲኮ ይዞራል፣ ፋብሪካው ደንበኛ እንዳያጣ ዋጋ ይሰብራል፣ በዛ በኩል ያማታል። ግን መጎዳትና መክፈል ለየቅል ነው። በፈረንጆቹ ሚያዝያ 2025 አሜሪካ 145፣ ቻይና 125 ድረስ ተጠዛጥዘው በወር ገደማ ጄኔቫ ተቀምጠው ለጊዜው ወደ 30ና ወደ 10 ያወረዱት ለምን ይመስላችኋል፣ ሁለቱም ቤት ስላመመ ነዋ።

ከዛ ደሞ ምንዛሬው። ቻይና ገንዘቧን አርክሳ ቀረጡን አመለጠች፣ እኛም ብራችን ስለረከሰ ኤክስፖርታችን ይነሳል ብላችኋል። የመጀመሪያው ትንሽ እውነት አለው። ነሐሴ 2019 ላይ አንድ ዶላር ከ7 ዩዋን ሲያልፍ ለአሜሪካው ገዢ ዕቃው በዶላር ሲታሰብ ረከሰለት፣ የቀረጡን ከፊል ዋጠለት ማለት ነው፣ አሜሪካም ወዲያው ቻይናን ምንዛሬ ታጭበረብራለች ብላ ፈረጀቻት፣ ጥር 2020 ላይ ስምምነት ሊፈራረሙ ሲሉ ደሞ ፍረጃውን አነሳችላት። ግን እሷ ከመርፌ እስከ ባቡር ሰርታ ምትሸጥ ሀገር ናት። እኛ በራሳችን አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ሲባል 57 ብር አካባቢ የነበረው የባንክ ዶላር በወር ገደማ 100ን አለፈ፣ እኔ ያኔ ጠዋት የሸጥኩትን ስክሪን ማታ በሸጥኩበት ብር መልሼ መግዛት አቃተኝ፣ ደንበኛ ሲመጣ ደስ ማለቱ ቀርቶ መፍራት ጀመርኩ። የመተማ ባለ ሰሊጥ ግን ተጠቀመ ትሉ ይሆናል፣ አዎ ብሩ በዝቶለታል፣ ግን ናፍጣውም ጆንያውም የአራሚውና የአጫጁ ሂሳብም አብሮ ወጣ። ሰሊጣችንን ለዓመታት በብዛት ስትገዛ የኖረችው ደሞ ያችው ቻይና ናት፣ ከታህሳስ 2024 ጀምሮ ለድሃ ሀገሮች ቀረጥ ዜሮ አርጌያለሁ ብላለች፣ ጥሩ፣ ምንወስድላት ግን ያው ጥሬውን ፍሬ ነው።

በገንዘብ መጣላት ለኛ ለጎንደሮች አዲስ ነገር አይደለም መቼም። አያቴ ሳጥን ውስጥ ሁለት ጠገራ ብር አለ፣ ላዩ ላይ ያለችው ሴትዮ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ናት፣ መቼም ይመታ መቼ 1780 ነው ሚለው። ድሮ ሰው ገበያ ላይ የጌጧን ነጠብጣብ እያየ ነበር ሚቀበለው፣ ነጠብጣቡ ከፈዘዘ ወስደህ ለእናትህ ስጣት ይባላል ትለኛለች አያቴ። ጣሊያን በፈረንጆቹ 1935 ሊወረን ሲዘጋጅ የብሩን መምቻ ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ ራሱ መምታት ጀመረ፣ እንግሊዝ ደሞ ንግዷ እንዳይቀርባት ለንደን ላይ መታችው። እነሱ በተፎካከሩበት ብር እኛ ጨው ገዛንበት።

ጠቡ ቴክኖሎጂ ውስጥም ገብቷል ያላችሁት ላይ ብዙ አልከራከርም፣ እሱ ጠረጴዛዬ ላይ ያለ ነገር ነው። አንዷ ወንድሟ ከዱባይ የላከላትን ሁዋዌ ሚባል የቻይና ስልክ ይዛ መጥታ ፕሌይ ስቶር ጫንልኝ አለችኝ፣ ሁለት ቀን ታገልኩ፣ እምቢ። አሜሪካ ግንቦት 2019 ኩባንያውን ጥቁር መዝገብ ውስጥ ስላስገባችው ከዛ በኋላ የወጡት ሞዴሎች ጎግል የላቸውም፣ ትራምፕ ነው የከለከለሽ ብላት አልቻልኩም አትልም ወይ ብላ ሳቀችብኝ። ከዛ ጥቅምት 2022 የተራቀቁ ቺፖችና (የስልክና የኮምፒውተር አንጎል በሉት) መስሪያ ማሽናቸው ለቻይና እንዳይሸጥ ተከለከለ፣ ቻይናዎቹ በ2023 እዛው የተመረተ ቺፕ ያለው ስልክ ይዘው ብቅ አሉ። መልሳቸው ደሞ ምን መሰላችሁ፣ ማግኔት። የሞባይል ስፒከር ስፈታ ውስጡ ከምስር ክክ ብዙም ማትበልጥ ማግኔት አለች፣ ብሎኖቼን ከፒንሰቴ ላይ እየሳበች ምታናድደኝ እሷ ናት፣ እሷ ምትሰራበትን ብርቅዬ ማዕድን አብዛኛውን ሚያጣራው ቻይና ነው፣ ሚያዝያ 2025 ላይ የተወሰኑት ያለ ፈቃድ እንዳይወጡ ሲባል የአሜሪካና የአውሮፓ የመኪና ፋብሪካዎች ተንጫጩ። 145 ፐርሰንት ያላስደነገጠው ሰው በዚች ደነገጠ።

ፋብሪካ ከቻይና ሲሸሽ ወደኛ ይመጣል ላላችሁት፣ ይምጣ፣ እኔም ደስ ይለኛል። ግን ጥር 2022 ላይ ከአጎዋ፣ የአፍሪካ ዕቃ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ከሚገባበት ዕድል፣ መውጣታችንን አንድ መስመር እንኳን አላነሳችሁትም፣ ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሲሰፉ የነበሩ ልጆች ያነሱላችኋል።

እና "ቻይና ትከፍላለች" ለሚለው ማረሚያ አውጡ። ጋዜጣው እኛ ጋ ዘግይቶ ነው ሚደርሰው፣ ስለዚህ ቴሌግራማችሁ ላይም ልቀቁት፣ ለዛች ባለ ሁዋዌ ፎርዋርድ አረግላታለሁ፣ ቴሌግራሙ እንኳን እየሰራላት ነው።

ሞባይል ጠጋኙ
ከጎንደር