ካላዛር ደጃችን ላይ እያለ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ዩኒቨርሲቲ ስትጽፉ ብዙ ጊዜ የምታነሱት ስንት ሰው ተመረቀ የሚለውን ነው። እስቲ አንዴ ደግሞ ምን ሠርተው ተመረቁ ብላችሁ ጠይቁ። እኔ በባዮኬሚስትሪና ሞለኪውላር ባዮሎጂ ማስተርሴን የሠራሁት ሰሜን ኢትዮጵያ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የምጽፈውም እዚያ ያየሁትን ነው።

ክላሱ ላይ ችግር የለም። መምህራኑ ጎበዞች ናቸው። ጣጣው የሚጀምረው ፕሮፖዛል ሲጻፍ ነው። ተማሪው ጂን ላይ ልሥራ ብሎ ይነሳል። ጂኑን ለማባዛት የሚያስፈልገው አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ፣ ፕራይመሩ፣ ግን ከውጭ መታዘዝ አለበት፣ ምንዛሪ ያስፈልጋል፣ ግዢው ወራት ይፈጃል፤ እንደምንም ደረሰ እንኳ ቢባል ኢንዛይሙ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ፣ አርኤንኤ የሚወጣበት ናሙና ደግሞ ከዜሮ በታች 80 ላይ መቀመጥ አለበት፣ መብራት ሄዶ ጀነሬተሩ ነዳጅ ካጣ ደግሞ የወራት ልፋት በአንድ ቅዳሜና እሁድ ገደል ይገባል። አማካሪውም ለተማሪው አዝኖ የስኳር ሕሙማንን ኮሌስትሮል ለካና ጨርስ ይለዋል። ጂን የሚያባዛው ፒሲአር ማሽን እዚያው ተሸፍኖ ተቀምጧል። ኮሌስትሮል መለካት መጥፎ ሥራ አይደለም፣ ግን ተማሪው የመጣው ለዚህ አልነበረም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ካላዛር የሚባለው በሽታ ነው። መተማና ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በአሸዋ ዝንብ ተነክሶ፣ ጣፊያው አብጦ፣ ከስቶ ይመለሳል። ሕንድ ውስጥ አብዛኛውን በሽተኛ በአንድ ቀን የሚያድነው የአምፎቴሪሲን መርፌ እኛ ጋ በአንድ ጊዜ አይበቃም፤ የኛ ሰው 17 ቀን ሙሉ በየቀኑ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይወጋል። በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራም እዚያ የሚይዘውን ያህል እዚህ አይዝም። ተውሳኩ ሁለቱም ጋ ሌይሽማኒያ ዶኖቫኒ ነው፤ ግን የምሥራቅ አፍሪካውና የሕንዱ በጂን ይለያያሉ፣ ምርመራው በተመሠረተበት ፕሮቲን ላይ ሳይቀር ልዩነት ታይቷል። ታዲያ ይሄ የማን የቤት ሥራ ነው? በሽተኛው እዚህ፣ ናሙናው እዚህ፣ ተማሪው እዚህ።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እኮ በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው ደምቢያ ላይ ወባ ብዙ ሰው ከፈጀ በኋላ ነው። ዛሬም የካላዛር ሕክምናና ምርምር ማዕከል አለው። ስለዚህ ከዜሮ እንጀምር እያልኩ አይደለም። የምለው የድኅረ ምረቃ ተማሪው ወደዚህ ሥራ የሚገባበት በር ይከፈት ነው።

አንድ ተማሪ ብቻውን ጥቂት ቱቦ ፕራይመር ሲያዝ ዋጋውም ማጓጓዣውም ይከብዳል። ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ወሎ፣ መቀሌ ለምን አንድ ላይ አይገዙም? አንድ በሶላር የሚደገፍ የጋራ ፍሪዘር ክፍልስ? በዚያ ላይ ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ብሩ ወርዷል፤ በብር የተያዘ የተማሪ ምርምር በጀት ሪኤጀንት (የላብራቶሪ ኬሚካል) የመግዛት አቅሙም አብሮ ወርዷል።

የትምህርት ሚኒስቴር ኃላፊዎችን ስታነጋግሩ ይህንን ጠይቁልን፤ ለአንድ የሞለኪውላር ባዮሎጂ ማስተርስ ተማሪ የሚመደበው ገንዘብ ከአዲሱ ምንዛሪ በኋላ ተስተካክሏል ወይ? መልሳቸውንም እንዳለ አትሙት።

የቀድሞ ተማሪ