ለወላጆች፦ ስለ ድሮ የቀለም ፎቶዎችና ከእናንተ ስለምንፈልገው እገዛ

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? በሚቀጥለው ሳምንት የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆቻችን ከመቶ ዓመት በፊት የተነሱ የቀለም ፎቶዎችን ያያሉ። ብዙዎቹ "ይሄማ በኮምፒውተር ቀለም የተቀባ ነው" ማለታቸው አይቀርም። አይደለም። ቀለሙ ፎቶው ሲነሳ አብሮ የተያዘ ነው።

ሥራውን ያስጀመረው አልበርት ካን የተባለ ፈረንሳዊ የባንክ ሰው ነው። ዓለም በፍጥነት እየተለወጠች መሆኑን አየና፣ የሕዝቦች አኗኗር ሳይጠፋ ይመዝገብ አለ። ከ1909 እስከ 1931 እ.ኤ.አ. ድረስ ፎቶ አንሺዎችን በገንዘቡ ወደ 50 ገደማ አገሮች ላከ። 72,000 ያህል የቀለም ፎቶዎች ተሰበሰቡ። የ1929ኙ የኢኮኖሚ ቀውስ ሀብቱን ሲያሳጣው ሥራው ቆመ። ፎቶዎቹ ግን ተርፈው ዛሬ ፓሪስ አጠገብ በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ይገኛሉ።

አሠራሩ ልጆቹን በጣም እንደሚያስገርማቸው አምናለሁ። የሉሚዬር ወንድማማቾች የሚባሉ ፈረንሳውያን ፈጣሪዎች በ1907 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረቡት አውቶክሮም የሚባል የመስታወት ፊልም ነው። መስታወቱ ላይ በብርቱካንማ፣ በአረንጓዴና በወይን ጠጅ ቀለም የተነከሩ የድንች ስታርች ቅንጣቶች ይነሰነሳሉ። ብርሃኑ በእነሱ ውስጥ አልፎ ቀለሙን ይሰጣል። ችግሩ ብዙ ብርሃን ስለሚፈልግ ሰው ለሰከንዶች ሳይነቃነቅ መቆም ነበረበት። ስለዚህ ልጃችሁ "ለምንድነው ሁሉም የተኮሳተሩት?" ብሎ ቢጠይቅ፣ ሰዎቹ ከፍቷቸው ላይሆን ይችላል። ፊታቸውን ላለማንቀሳቀስ እየታገሉ ነው።

ከካን ስብስብ እኔ በጣም የምወዳቸው በ1913 እ.ኤ.አ. ሁለት ፈረንሳውያን ሴቶች፣ ማርጌሪት ሜስፑሌና ማድሌን ሚኞን፣ አየርላንድ ውስጥ ያነሷቸውን ነው። ጎልዌይ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ውስጥ ቀይ የለበሰች ልጅ አለች። በዚያ ዘመን ጥቁርና ነጭ ፊልም ያ ቀይ እንደ ጥቁር ይታይ ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ምን ይለብሱ እንደነበር ግማሹን ሳናውቅ እንቀር ነበር ማለት ነው።

ከስብስቡ ውስጥ ቅጣትና ጦርነት የሚያሳዩም አሉ። እነሱን ለዚህ ዕድሜ አናሳይም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ቤት ውስጥ ያለ አንድ የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ምረጡና ከልጃችሁ ጋር ተቀመጡ። አያት ካሉ እሳቸውን ጠይቁ፤ ሩቅ ከሆኑ ደውሉላቸው። ፎቶው ላይ ያለው ማን ነው? የት ተነሳ? የቀሚሱ ጥለት ምን ዓይነት ቀለም ነበር? የቤቱ በርስ? ልጁ መልሱን በራሱ እጅ ይጻፈው። ዋናውን ፎቶ አትላኩ፣ እንዳይጠፋባችሁ። በሞባይል አንስታችሁ እስከ ዓርብ ለክፍል ኃላፊው መምህር ላኩልን። ቤተሰቡ ካልፈቀደ ጽሑፉ ብቻ ይበቃናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር