«ቃሌ ይኸው ነው» ብሎ ቤት ማውረስ አይቻልም

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ካርታ እየተጫወትን የሟች ንብረት ነገር ተነሳና አንዱ የዕድራችን ሰው «እኔ እንደሆንኩ ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ፣ ቤቱ ለማን እንደሆነ ያውቃሉ፣ አለቀ» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀለት። አላለቀማ! እዛው ልነግረው ፈልጌ ነበር ግን ለቅሶ ቤት ስለሆነ ዋጥ አደረኩት፣ ማታ ቤት ገብቼ ይሄን ደብዳቤ ጀመርኩ።

የኛን ቤት ጉድ ልንገራችሁ። አክስቴ፣ የአባቴ እህት ማለት ነው፣ ልጅ አልወለደችም። አንዲት ልጅ ግን ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ አሳድጋለች፣ በሕግ ጉዲፈቻ አላደረገቻትም እንጂ ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቃት የሷ ልጅ ብሎ ነው። አክስቴ በመጨረሻ ቤት ውስጥ ኦክስጅን ተደርጎላት ነበር፣ አንድ ማታ የንስሐ አባቷን፣ ጎረቤታችንንና ሁለት የዕድር ሰዎች አስጠራችና «ይቺ ቤት የልጄ ናት፣ ቃሌ ይኸው ነው፣ ያፈረሰው በሰማይ ይጠየቅ» አለች። እኔ ትራሷን ደግፌ ይዤ ነበር። አንዱ በስልኩ ቪዲዮ ቀርጿል፣ እስካሁን አለ፣ ከድምጿ ይልቅ የኦክስጅኑ ሹሹታ ነው ጎልቶ የሚሰማው። ልጅቷ እግሯ ስር ቁጭ ብላ እግሯን ታሻታለች። በማግስቱ አረፈች።

ሁላችንም ኑዛዜ ተደረገ ብለን ነበር። ቪዲዮ አለ፣ ቄስ አለ፣ አራት ምስክር አለ፣ ከዚህ በላይ ምን ይምጣ? ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተገለጠና የቃል ኑዛዜ (አንቀጽ 892 ላይ ነው ያለው) ሞት ደረሰብኝ ያለ ሰው ሁለት ምስክር ፊት የሚናገረው እንደሆነ ተነበበልን፣ እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር፣ ቀጥሎ ግን በቃል መናዘዝ የሚቻለው ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚትና አሳዳሪ ስለመሰየም፣ ከዛ ደግሞ ለአንድ ሰው ከ500 ብር ያልበለጠ ስጦታ ነው ይላል። አምስት መቶ ብር! ያኔ ምን ምን ይገዛ እንደነበር አባቶቻችን ይንገሩን፣ ዛሬ አንድ ክትፎ አይበላበትም። ደሞ ተናዛዡ ቃሉን ተናግሮ ሦስት ወር ከቆየ ያቺም ቀሪ ትሆናለች።

እውነቱን ላውራ አይደል፣ ቤቱን ከወረሱት ወንድምና እህቶች አንዱ አባቴ ነው። ልጅም ወላጅም ከሌለ ሕጉ የሚሄደው ወደ ወንድምና እህት ነው። አባቴና አንዷ አክስቴ የሟችን ቃል እናክብር አሉ፣ አንደኛው አጎቴ ሕግ ሕግ ነው አለ፣ በአንዱ እምቢታ ቤቱ ተሸጠ። ልጅቷ አሁን ተከራይታ ነው የምትኖረው፣ ተዝካር ላይ ግን ከማናችንም ቀድማ መጥታ ጠላውን የጠመቀችው እሷ ናት፣ እኔ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ችግሩ ከራሱ ከቃሉ የሚጀምር ይመስለኛል። ኑዛዜ ሲባል ቄስና አልጋ ነው የሚታየን፣ ጤነኛ ሰው ቁጭ ብሎ ወረቀት ላይ ሲጽፍ ሟርት ይመስለናል። ሕጉ ግን የሚረዳው በጤናው የጻፈውን ሰው ነው፣ ለዛውም ሁለት መንገድ ሰጥቶታል። አንዱ በገዛ እጅ የሚጻፈው ነው። ምስክር አይፈልግም፣ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራስህ እጅ መጻፍ አለበት፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ መኖር አለበት። በኮምፒውተር ጽፈህ ፕሪንት አድርገህ ከፈረምክ አይሆንም፣ ራስህ በመኪና እንደጻፍከው በእያንዳንዱ ገጽ ላይ በእጅህ ካላሰፈርክ በቀር። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ እንዲህ ያለው ኑዛዜ በሰባት ዓመት ውስጥ አዋዋይ (ውልና ሰነድ የሚያረጋግጥ ሰው) ዘንድ ወይ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ቀሪ ይሆናል። ቁም ሳጥን ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስ መሀል አስቀምጠው የረሱት ስንት አሉ!

ሁለተኛው በግልጽ የሚደረገው ነው፣ አንቀጽ 881። እሱን ራስህም ሌላ ሰውም ቢጽፈው ችግር የለም፣ ዋናው ነገር በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበቡ ነው፣ መነበቡም ቀኑም እዛው ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት፣ ከዛ ሁሉም ያኔውኑ መፈረም አለባቸው። ያኔውኑ ስል ቡናው ሳይጠጣ ማለቴ ነው፣ «አራተኛው ምስክር ነገ ሲመጣ ይፈርማል» የሚባል ነገር ኋላ ለጠበቃ ሲሳይ ነው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃል። አዲስ አበባ ያላችሁ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ሄዳችሁ ብታደርጉት ወረቀቱም አይጠፋ። የሚወርሳችሁን ሰው ግን ምስክር አታድርጉ አደራ።

የቱ ይሻላል ካላችሁኝ፣ ቤት ላለው ሰው እኔ የምመርጠው በአራት ምስክር የሚደረገውን ነው። የእጅ ጽሑፍ ያንተ ነው አይደለም የሚል ክርክር ከተነሳ ለምርመራ ይላካል፣ ያ ደግሞ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ያየ ያውቀዋል። በጽሑፍም ቢሆን ታዲያ እንደልብ አይደለም፣ ልጅን ከውርስ ለመንቀል ምክንያቱን መጻፍ ግድ ነው፣ «ነቅዬዋለሁ» ብቻ ብሎ መፈረም አይሰራም። ሸሪዓ ፍርድ ቤት ለሚዳኙ ሙስሊም ጎረቤቶቼ ደግሞ ወሲያ (ኑዛዜ ማለት ነው) ከንብረቱ ሲሶ አያልፍም፣ ሕጉም ሌላ ስለሆነ የሚያውቀውን ሰው ቢጠይቁ ነው የሚሻለው። ውጭ አገር ያላችሁ ደሞ አዲስ አበባ ላለው ቤታችሁ ለወንድም ውክልና ሰጥቻለሁ ብላችሁ አትተኙ፣ ውክልና እኮ ወካዩ ሲሞት አብሮ ይሞታል።

እኔም አዋቂ መሳዬ ነው እንጂ ተሳስቼ ነበር። ከአክስቴ ነገር በኋላ ከባለቤቴ ጋር ተቀመጥንና «እኔ ብሞት ለሷ፣ እሷ ብትሞት ለኔ» ብለን በአንድ ወረቀት ላይ አሳምረን ጻፍን፣ ሁለታችንም ፈረምን፣ ደስም ብሎን ነበር። የማውቀው ጠበቃ አየውና ሳቀ። ሁለት ሰው በአንድ ሰነድ ላይ አብሮ ቢናዘዝ ፈራሽ ነው። ለየብቻ መሆን አለበት ባልና ሚስትም ቢሆን። ያን ቀን ሌላም ነገር ነገረኝ፣ ኑዛዜ ከሌለ ሚስት ከባሏ አትወርስም፣ ከጋራው ንብረት ግማሹ ድሮም የራሷ ነው፣ የባል ግማሽ ግን ለልጆች ነው የሚሄደው። ሀያ ሁለት ዓመት አብረን ኖረን ይሄን አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ አራት የዕድር ወዳጆቼን ቤቴ ጠራሁ፣ የጻፍኩት ተነበበ፣ መነበቡም ተጻፈበት፣ ሁላችንም ተከታትለን ፈረምን። አንደኛው እስክሪብቶውን ይዞ ዓይን ዓይኔን እያየ «እውነቱን ንገረኝ፣ ታመህ ነው እንዴ?» አለኝ። ባለቤቴ የሷን ገና አልጻፈችም፣ ከፆም በኋላ ብላኛለች፣ እኔም በየሳምንቱ አስታውሳታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጉለሌ አንባቢያችሁ