ሚኒሞ የማይዝ መኪና ምርመራና መኪና ስለማሳደር ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

ሚኒሞ፣ ማለትም እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲነሳ ሞተሩ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ፍጥነት፣ አልይዝ ያለ መኪና ለሚያመጣልን ደንበኛ ከጥር ወር ጀምሮ አሠራራችንን ቀይረናል። ለምርመራው ብቻ 1,800 ብር እናስከፍላለን፣ መኪናውም አንድ ሌሊት እኛ ጋ እንዲያድር እንጠይቃለን። ብሎን አዙረን ሚኒሞ ከፍ ማድረጉንም ትተናል። በዚህ የተነሳ አንዳንዶቻችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ተቆጥታችሁ ሄዳችኋል። «ገንዘብ ለመብላት ነው» የሚል ቃልም ደርሶናል። ለውጡን አስቀድመን ሳንነግራችሁ ጋራዡ በር ላይ እንድትሰሙት ማድረጋችን ጥፋት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን ትክክል ነው ብለን ስለምናምን ምክንያቱን በዝርዝር ልናስረዳችሁ እንወዳለን።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ሞተሩ ሞቆ፣ ኤሲ ጠፍቶ፣ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲነሳ በአብዛኞቹ የቪትዝ፣ የያሪስና የኮሮላ ሞተሮች ሚኒሞው በደቂቃ ከ650 እስከ 750 ዙር መካከል መቆም አለበት። ወደ 500 ወርዶ የሚንቀጠቀጥ፣ ትራፊክ መብራት ላይ የሚጠፋ ወይም ከ600 እስከ 1,200 ድረስ ወጣ ወረድ የሚል ሞተር ችግር አለበት። በካርቡራተር ዘመን መድኃኒቱ የአየሩንና የነዳጁን ብሎን ማስተካከል ነበር። በኢንጄክሽን መኪና ግን ሚኒሞውን የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው። ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር በሳህን የሚከፍተውና የሚዘጋው ትሮትል ቦዲ ላይ የምታዩት ትንሽ ብሎን ፋብሪካው ልኳን ወስኖ የዘጋት የሳህኑ ማቆሚያ እንጂ የሚኒሞ ማስተካከያ አይደለችም። እሷን ስናዞር የትሮትሉ ሴንሰር ዜሮ ይዛባል፣ ኮምፒውተሩም እግር ከነዳጅ መስጫው መነሳቱን አያውቅም። ያኔ ሚኒሞውን መቆጣጠሩን ይተወዋል። ደንበኛው ለሁለት ሳምንት ደስ ይለዋል። ከዚያ አውቶማቲክ ካምቢዮው ወደ ዲ ሲገባ መደንገጥ ይጀምራል፣ ፍሬኑ ሞተሩን ለመያዝ ይታገላል፣ ነዳጁም ይበላል። የተሰነጠቀችው የአየር ጎማ ወይም ያረጀችው ካንዴላ ግን እዚያው እንዳለች ናት። ለዓመታት እንዲህ ስናደርግ የነበረው ደንበኛውን ላለማስቀየም ነበር። ከእንግዲህ ግን በእጃችን አንሠራውም።

ብዙ ቅሬታ የመጣበት ሌላው ጉዳይ «ትሮትሉን ካጸዳችሁልኝ በኋላ ባሰበት» የሚለው ነው። ይህ በእርግጥ ይሆናል፤ ምክንያቱም ይታወቃል። በሳህኑ ጠርዝ ላይ ጥቁር ካርቦን ሲጋገር የሚያልፈው አየር ያንሳል። ኮምፒውተሩም ቀስ በቀስ ሳህኑን ትንሽ ከፍቶ ማካካስን ይማራል። ካርቦኑ በአንድ ቀን ሲጸዳ ኮምፒውተሩ የለመደው መክፈቻ አሁን ከሚያስፈልገው በላይ አየር ስለሚያስገባ ሚኒሞው 1,100 ወይም 1,300 ላይ ይንጠለጠላል። መፍትሔው የተማረውን ማጥፋትና እንደገና ማስተማር ነው። ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ እንጠብቃለን፣ መብራት፣ ኤሲና ቴፕ እናጠፋለን፣ መሪውን ቀጥ አድርገን አሥር ደቂቃ ያህል በሚኒሞ እናቆየዋለን፤ ቀጥሎ ኤሲ ከፍተን፣ ከዚያም ካምቢዮውን ዲ ላይ አድርገን እንደግመዋለን። ኒሳን ደግሞ የራሱ ሥርዓት ስላለው ያለ ስካነር ወይም ሰከንድ እየቆጠሩ ፔዳል ሳይረግጡ አይሆንም። ከዚህ በፊት መኪናው ቶሎ ይሰጠን እየተባለ ይህ ሥራ በግማሽ የተለቀቀባቸው መኪኖች ነበሩ። አሁን ካልጨረስን አንለቅም።

መኪናው ለምን ያድራል? ቀዝቃዛ ሞተር ብቻ የሚነግረን ሦስት ነገር አለ። የመጀመሪያው የውኃው ሙቀት ሴንሰር ነው። ሌሊቱን ባደረ ሞተር ላይ የውኃው ሴንሰርና የሚገባው አየር ሴንሰር ተቀራራቢ ቁጥር ማሳየት አለባቸው። አንዱ 14 ዲግሪ፣ ሌላው 45 የሚል ከሆነ ጥፋተኛው ተገኝቷል ማለት ነው። በሞቀ ሞተር ላይ ግን ሁለቱም ስለሚለያዩ ማወቂያ የለም። በቶዮታ ይህ ሴንሰር በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ 0.3 ኪሎ ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት። ሞተሩ ሞቆ ሳለ «ቀዝቃዛ ነኝ» የሚል ሴንሰር ነዳጅ ያበዛል፣ ካንዴላውን ያጠቁራል። ሁለተኛው የቫልቭ ክፍተት ነው። ብዙዎቻችሁ በምትነዱት 1.5 ሊትር ሞተር ላይ ማስገቢያው ከ0.15 እስከ 0.25፣ ማስወጫው ከ0.25 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሚለካው ሞተሩ ቀዝቅዞ ነው። ክፍተቱ የጠበበ ቫልቭ ሞተሩን በሚኒሞ ሚስ ያስደርገዋል (አንዱ ሲሊንደር ሳይሠራ ያልፋል)፤ በፍጥነት ላይ ግን ደህና መስሎ ይሄዳል። ሦስተኛው የጠዋቱ የመጀመሪያ አነሳስ ነው። ጤነኛ ሞተር ሲነሳ ከ1,200 ዙር በላይ ይወጣና እየሞቀ ሲሄድ ራሱ ይወርዳል። እናንተ ከቤት ነድታችሁ ስትደርሱ ይህ ሁሉ አልፏል።

አሁን ደግሞ ከሁሉ በላይ የምንጨነቅበትን ነገር እንንገራችሁ። የጥገና መጽሐፎቹ የተጻፉት በባሕር ወለል ልክ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። በባሕር ወለል የአየሩ ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ሲሆን እዚህ 76 ወይም 77 ነው። ስለዚህ ሞተር ሳይነሳ ቁልፍ ብቻ ሲከፈት የማኒፎልዱ (አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ግፊት ሴንሰር 76 ካሳየ ጤነኛ ነው። «መጽሐፉ 100 ይላል» ተብሎ ደህና ሴንሰር ተነቅሎ የተጣለባቸው መኪኖች ወደ እኛ መጥተዋል። የሞተሩን የመሳብ ኃይል የሚለካው ቫኪዩም ጌጅም እንደዚያው ነው። መጽሐፉ በሚኒሞ ከ17 እስከ 22 ኢንች ሜርኩሪ ይላል፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች ያህል ስለሚቀንስ እዚህ ከ10 እስከ 14 ካገኘንና መርፌው ካልተንቀጠቀጠ ሞተሩ ደህና ነው። ኮምፕሬሽንም (ፒስተኑ አየሩን ሲያምቅ የሚፈጠረው ግፊት) ይቀንሳል። ወደ 15 ባር ይሰጣል የተባለ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 11 ባር አካባቢ ቢሰጥ የግድ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል ማለት አይደለም። እኛ የምናየው ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ ያላቸውን ልዩነት ነው፤ ከ1 ባር ከበለጠ እንጨነቃለን። ይህን ሳያገናዝቡ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) ማስፈታት ስንት ብር እንደሚያስወጣ እናንተው ታውቁታላችሁ። 1,800 ብሩ የሚከፈለው ለዚህ ዕውቀት ጭምር ነው። ይህን ስንል ቅር እንዳትሰኙብን።

ምርመራው ራሱ እንዲህ ይሄዳል። ቀድመን በስካነር የብልሽት ኮዶቹንና የነዳጅ እርማቱን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ነዳጁን ከልኩ ስንት በመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ፣ እናነባለን። እርማቱ በሚኒሞ ከ20 በመቶ በላይ ተደምሮ በ2,500 ዙር ወደ 5 በመቶ ከወረደ ሳይለካ የሚገባ አየር አለ። ዙሩ ሲጨምር እርማቱም አብሮ የሚጨምር ከሆነ ግን ወደ ቤንዚኑ ፓምፕ፣ ወደ ፊልትሮውና ወደ አየር መለኪያው ሴንሰር እንዞራለን። በእነዚህ ቶዮታዎች የነዳጁ ግፊት ከ3 እስከ 3.5 ባር መሆን አለበት። ሳይለካ ለሚገባ አየር ጭስ እንጠቀማለን። ሞተሩ ጠፍቶ በማኒፎልዱ በኩል በጣም በትንሽ ግፊት ጭስ እንሰድና የሚወጣበትን በእጅ ባትሪ እያበራን እንፈልጋለን። በሞቀ ሞተር ላይ ቤንዚን ወይም ካርቡራተር ማጽጃ እየረጩ መፈለግ መኪና ያቃጥላል፤ እኛ ጋ የተከለከለ ነው።

ባለፈው ወር ከመጡት አንዱ ላይ ያየነውን ጎማ አስቀምጠነዋል፤ የፈለገ መጥቶ ማየት ይችላል። ከሞተሩ ሽፋን ወደ ማኒፎልዱ የሚሄድ፣ ጣት የማይሞላ የታጠፈ የጭስ መመለሻ ጎማ ነው። ከላይ ሲያዩት ጥቁርና ደህና ነው። በእጅ ሲያጥፉት ግን ከታች በኩል ያለው ስንጥቅ እንደ አፍ ይከፈታል፣ ውስጡ በዘይት ላልቷል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል፣ ሲሞቅ ይከፈታል። ይህ መኪና እኛ ጋ ከመምጣቱ በፊት አራት ካንዴላና ሁለት ኮይል ተቀይሮለታል። ጎማው የእነሱን ዋጋ እሩብ እንኳ አያወጣም።

የጭሱ ምርመራ ንጹሕ ከሆነ ከታንከሩ የሚመጣውን የቤንዚን ትነት ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን ቫልቭ እናያለን። ሶኬቱ ተነቅሎም በጣት ሲነካ የሚስብ ከሆነ ተከፍቶ ቀርቷል፤ ቤንዚን ከሞሉ በኋላ አልነሳ የሚሉ መኪኖች ብዙ ጊዜ በእሱ ነው። ፍሬን ሲረገጥ ሚኒሞው ከተለዋወጠ ደግሞ የፍሬን ማገዣውን (የሰርቮውን) ጎማ ለጊዜው ቆንጥጠን እናወዳድራለን። ካንዴላ ኢሪዲየም ሲሆን ክፍተቱ አብዛኛውን ጊዜ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሽቦ ብሩሽ አንቦርሸውም።

ስለ ዋጋው አንድ ነገር እንበል። የውጭ ምንዛሪው ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚከፈለው የስካነር ማደሻ፣ የማጽጃ ስፕሬይና የሴንሰር ዋጋ በብር ስንት እጥፍ እንደወጣ ሶማሌ ተራ የሄደ ሁሉ ያውቃል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ ደግሞ ያላችሁን መኪና ጠብቃችሁ መያዝ ግድ ሆኗል። ምርመራን በነጻ ሰጥተን ዋጋውን በዕቃ ላይ ደብቀን ማውጣት እንችል ነበር፤ እንዲህ የሚሠራም አለ። ለእኛ ግን ያላስፈለገ ዕቃ ሸጦ ሒሳብ ከማቃናት ለሠራነው ሰዓት በግልጽ መጠየቅ ይሻላል። ጋራዡ ከተከፈተ 17 ዓመቱ ነው። ያኔ በአንድ ክሪክና በተከራየነው ግቢ ስንሠራ ያመናችሁን ዛሬም እያያችሁን ነው፤ ከአባት አልፎ ልጅ መኪናውን ይዞ የሚመጣበት ቤት ሆኗል። «ገንዘብ ለመብላት» የሚለው ቃል የከበደን ለዚህ ነው።

ቅሬታችሁን ሰምተን ያስተካከልነውም አለ። ጥገናውን እኛ ጋ ለሚያሠራ ከምርመራው ክፍያ ግማሹ ከሒሳቡ ይቀነሳል። በጥርና በየካቲት ሳይነገራችሁ ሙሉውን የከፈላችሁ ደረሰኙን ይዛችሁ ኑ፤ ግማሹ ለሚቀጥለው ሰርቪስ ይያዝላችኋል። ምርመራው ምክንያቱን ካላገኘ ክፍያ አንቀበልም። ዕቃ ገዝታችሁ ካመጣችሁ እንገጥማለን፣ ለዕቃው ግን ዋስትና አንሰጥም። በተለይ ያገለገለ ትሮትል ቦዲና የአየር መለኪያ ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት ደውሉልን፤ ክፍል ቁጥሩ ካልገጠመ ገንዘቡ ይባክናል።

መኪናውን ስታመጡ የምንለምናችሁ ጥቂት ነገር ነው። ባትሪ አትንቀሉ፤ ኮዱና ኮምፒውተሩ የመዘገበው ሁሉ ይጠፋል። ቼክ ኢንጂን መብራቱን አታስጠፉ። ከመምጣታችሁ በፊት ሞተሩን በውኃ አታሳጥቡ፤ ኮይልና ሶኬት ውስጥ የገባ ውኃ ሌላ ችግር አስመስሎ ያሳስተናል። ቢያንስ እሩብ ታንከር ቤንዚን ይኑረው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ፣ ኤሲ ሲበራ ነው ወይስ መሪ ሲዞር፣ ወይስ ቤንዚን ከተሞላ በኋላ እንደሚያስቸግር በወረቀት ጽፋችሁ ዳሽቦርዱ ላይ ተዉልን። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ያስገባችሁትን በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እናስረክባለን። ግቢው ሌሊት ጥበቃ አለው፣ ቁልፉም ካዝና ውስጥ ያድራል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባለቤትና ሠራተኞች