ገብቶ ወዲያው የሚወጣ ኢንተርኔት፦ ሞደም ከመግዛታችሁ በፊት ቁጥሩን አንብቡ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሞደም በሚባለው መሣሪያ በስልክ መስመር እየደወሉ ኢንተርኔት ስለሚገቡበት ስለ ዳያል አፕ መቆራረጥ አንባቢዎች የሚጽፉላችሁን እከታተላለሁ። ሁሉም ማለት ይቻላል የስልክ መስመሩን ይወቅሳል። መስመሩ ንጹሕ ነው አልልም፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ስልኩ ሲንጫጫ ሁላችንም እንሰማለን። ግን ሞደሙ ደውሎ፣ ያን ጩኸቱን ጨርሶ፣ ስምና የይለፍ ቃል ተቀብሎ፣ ልክ ገባሁ ስትሉ የሚወጣ ከሆነ ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው እዚያው ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ነው።

ይህን የምጽፈው ሰው በከንቱ ገንዘብ ሲያወጣ ማየት ስለሰለቸኝ ነው። ጎረቤቴ ኮምፒውተሯን አንድ ጥገና ቤት ወሰደች። ሞደሙ ተቃጥሏል ብለው አዲስ ሸጡላት። አዲሱም እንደ አሮጌው ገብቶ ይወጣል። የተቃጠለ ሞደም እኮ አይደውልም! በመጨረሻ ነገሩ የተስተካከለው ከአንድ ሳጥን ላይ ምልክት በማንሳት ነው።

ስለዚህ ሲቋረጥ የሚመጣውን መልእክት ኦኬ ብላችሁ ከመዝጋታችሁ በፊት ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉት። 691 ካለ የመግቢያ ስሙ ወይም የይለፍ ቃሉ ተቀባይነት አላገኘም ማለት ነው። ካፕስ ሎክ በርቶ እንደሆነ እዩ፣ ሒሳባችሁም አለማለቁን አጣሩ። ደግሞ ቀድሞ የተቋረጠው ግንኙነት በአገልግሎት ሰጪው በኩል ገና እንደተከፈተ ሊቆጠር ይችላል፤ ያኔ አገልግሎት ሰጪው በዚያው ስም ሁለተኛ ሰው የገባ ይመስለዋልና አይቀበላችሁም፣ ጥቂት ደቂቃ ታግሣችሁ ሞክሩ።

720 ከሆነ የእናንተና የአገልግሎት ሰጪው ኮምፒውተሮች በምን ቋንቋ እንደሚነጋገሩ አልተስማሙም። የግንኙነቱን ፕሮፐርቲስ (ቅንብሩን) ከፍታችሁ ኔትወርኪንግ የሚለው ውስጥ ኔትቢዩአይ ወይም አይፒኤክስ የሚባሉት የኮምፒውተር መነጋገሪያ ቋንቋዎች ምልክት ከተደረገባቸው አንሱት፣ የኢንተርኔቱ ቋንቋ ቲሲፒ አይፒ ብቻ ይቅር፤ የአይፒ አድራሻውንም ራሱ እንዲቀበል ተዉት፣ በእጅ የተጻፈ ካለ አጥፉት። 734 ሲሆን ደግሞ ሴኩሪቲ ውስጥ ግቡ። ኮምፒውተራችሁ የተመሰጠረ የይለፍ ቃል ካልሆነ አልልክም ብሎ ሊሆን ይችላል፣ አገልግሎት ሰጪው ደግሞ ያንን ላይቀበል ይችላል፤ ይህን የሚያስገድደውን ምልክት አንሱት። የጎረቤቴ ችግር ይኸው ነበር።

ምንም ቁጥር ሳይመጣ፣ ከገባችሁ በኋላ በሰከንዶች ውስጥ ከወጣስ? እዚህ ላይ መስመሩን መጠርጠር ተገቢ ነው። ግን መጀመሪያ የቤታችሁን መስመር እዩ። በዚያው መስመር ላይ የተቀጠለ ሌላ ስልክ ካለ ንቀሉት፣ ሞደሙን ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት በአጭር ገመድ በቀጥታ አገናኙት። የሞደሙን ፍጥነት ከ56 ኪሎቢት ወደ 33.6 ማውረድም በሚንጫጫ መስመር ላይ በጣም ይረዳል፤ ቀርፋፋ ቢሆንም የማይቋረጥ ይሻላል። እጁ የሚደፍር ሰው ደግሞ ሞደሙ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ስንት ጊዜ እንደሚታገሥ የሚወስነውን ኤስ10 የሚባለውን ቅንብር ይመልከት፤ ብዙ ጊዜ 14 ነው፣ ማለትም ከወዲያኛው ሞደም የሚመጣው ድምፅ ለ1.4 ሰከንድ ከጠፋ ስልኩን ይዘጋል። 50 ብታደርጉት 5 ሰከንድ ይታገሣል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም ይለያል። ዊንዶውስ ኤክስፒ ያለው ኮምፒውተር ኢንተርኔት እንደገባ 60 ሰከንድ ቆጥሮ ራሱን አጥፍቶ የሚነሣ ከሆነ፣ ይህ እንደ ፈረንጆቹ በነሐሴ 2003 የተሰራጨው ብላስተር የሚባለው ትል፣ ማለትም በኔትወርክ ራሱን እያባዛ የሚሰራጭ ጎጂ ፕሮግራም፣ ሊሆን ይችላል። መስመርም ሞደምም አትንኩ። ከመደወላችሁ በፊት ፋየርዎሉን (ከውጭ የሚመጣ ያልተፈለገ ግንኙነትን የሚከለክለውን) አብሩት፣ ከዚያ ማይክሮሶፍት ያኔ ያወጣውን ማስተካከያ ጫኑ፤ ቤት ማውረድ ካልተቻለ ኢንተርኔት ካፌ ሄዳችሁ በሲዲ አምጡት።

በስልክ ለእርዳታ ስትደውሉም "አልሠራም" ብቻ አትበሉ። "ስሙን እያረጋገጠ ሳለ 691 ብሎ ወጣ" በሉ። እርዳታ የምትሰጡ ባለሙያዎችም እባካችሁ መጀመሪያ ቁጥሩን ጠይቁ፤ ሰውን ሞደም ቀይር ብላችሁ አትላኩት። አዘጋጁም ቦታ ከተገኘ እነዚህን ቁጥሮች ከነትርጉማቸው በአንድ ጥግ ቢያትሙልን፣ ቆርጦ ኮምፒውተሩ አጠገብ የሚለጥፈው ብዙ ሰው ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ